ካሜራ ይዞ ተራራ ለሚወጣ ሰው፦ ስለ ቦርሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰሜን ተራሮችን መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ትከሻዬን ነው። ከሳንቃ በር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ነበር የምንሄደው። የያዝኩት ቦርሳ ውድ የሚባል የካሜራ ቦርሳ ነው። ስፖንጁ ወፍራም፣ ኪሱ ብዙ። ሰርግ ልቀርጽ ስሄድ እሱን ካዘልኩ ልቤ ሙሉ ነው። ጅን ባሕር ወንዝን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው ግን ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ ክንዴ ተከተለ። አፋፉ ላይ ስንደርስ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ በአጠገባችን አለፈ። እኔ መሬት ላይ ተዘርሬ ትከሻዬን አሻለሁ። አንድም ፎቶ አላነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ «ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ከጥያቄው ጋር አብረው የሚመጡት ግምቶች ደግሞ ያኔ እኔም የነበሩኝ ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ካሜራ ስለምይዝ የካሜራ ቦርሳ ነው የሚያስፈልገኝ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የካሜራ ቦርሳ ሲሠራ በቅድሚያ የሚታሰበው ለዕቃው ነው። እንዳይጋጭ፣ እንዳይቧጨር፣ ሌንሱ ቶሎ እንዲገኝ። ከመኪና ወርዶ አዳራሽ እስኪገባ ለሚሸከም ሰው ይኼ በቂ ነው። የወገብ ቀበቶ አለው ቢባል እንኳ ብዙ ጊዜ ቀጭን ጥብጣብ ነው። ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ይይዛል እንጂ ክብደት አይቀበልም።

የተራራ ቦርሳ ግን የሚታሰበው ለተሸካሚው ነው። ጀርባው ውስጥ ጠንካራ ዘንግ ወይም ሰሌዳ አለው። ክብደቱን ወደ ወገብ የሚያወርደው እሱ ነው። ስለዚህ የተራራ ቦርሳ ግዙና ካሜራውን የሚጠብቀውን ስፖንጅ ለብቻው ውስጡ ክተቱ። ይህን የውስጥ ሳጥን ብዙዎች «ኪዩብ» ይሉታል። እንደ ኤፍ-ስቶፕ እና ሺሞዳ ያሉ አምራቾች ሁለቱን አጣምረው ይሠራሉ። ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ኪስ ይጎዳል።

ኪዩቡን ማሰፋትም ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ከእኔ ተማሩ። የመጀመሪያውን ያሰፋሁት በፍራሽ ስፖንጅ ነበር። የፍራሽ ስፖንጅ በጣት ስትጫኑት ይሰምጣል፤ ሌንስ ሲወድቅበትም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ውሃ ይጠጣል። አንድ ቀን ዝናብ መታን፤ ማታ ስጨምቀው እንደ ወለል መወልወያ ጨርቅ ተንጠባጠበ። ሁለተኛውን ያሰፋሁት ለካምፕ መሬት ላይ ከሚነጠፈው ጠንካራ ምንጣፍ ቆርጬ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ውሃ አይጠጣም፤ ቅርጹንም አይለቅም። ውስጡን ሌንስ በማይቧጭር ለስላሳ ጨርቅ አልብሱት።

«ጠንካራ ትከሻ ያለው ሰው አይቸገርም»

ሒሳቡን እንሥራ። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ካሜራ ከነባትሪው 890 ግራም ነው። 24-70 ሌንሱ 800 ግራም ገደማ፤ 70-200 ባለ 2.8ቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል። ይህ ብቻ ከ3 ኪሎ በላይ ሆነ። ቀለል ያለ ትሪፖድ ጨምሩ፣ 5 ገባ። ሁለት ሊትር ውሃ፣ 7። ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ምሳ ሲጨመር ወደ 10 ኪሎ ተጠጋን። ይህን በ3,600 ሜትር ከፍታ፣ አየሩ በሳሳበት ዳገት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ በትከሻ ብቻ መሸከም የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። ማንገቻው ትከሻ ላይ ያለውን ነርቭ ሲጫን ነው እጅ የሚደነዝዘው።

አብዛኛው ክብደት ማረፍ ያለበት ዳሌ ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ የቦርሳው የጀርባ ርዝመት ከእናንተ ጀርባ ጋር መግጠም አለበት። አለካኩ ቀላል ነው። አንገታችሁን ወደ ፊት ስትደፉ ከኋላ ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት አለ። ከእሱ ጀምሮ የዳሌ አጥንት ጫፍ እስካለበት መስመር ድረስ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካላችሁ። የሚፈለገው ቁጥር ያ ነው። በቁመት ብቻ መገመት ያሳስታል። እኔ ረዥም ነኝ፤ ቁመቴ ግን እግር ላይ ነው ያለቀው። ትልቁን መጠን ስገዛ ቀበቶው መቀመጫዬ ላይ አረፈ።

ዘመድ ከዲሲ ወይም ከዱባይ ሲመጣ ቦርሳ የምናዝ ሰዎችም ይህን ቁጥር አብረን እንላክ። «ጥሩ ባክፓክ አምጣልኝ» ያልነው ሰው የሚያመጣው ለራሱ ጀርባ የሚሆነውን ነው። ከተቻለ የጀርባ ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን። ለሴቶች ተብሎ የሚሠራውም ቀለሙ ብቻ አይደለም የሚለየው። የማንገቻው አጣጣፍና የቀበቶው አቀማመጥ ይለያል።

አስተሳሰሩም ተራ አለው። መጀመሪያ ሁሉንም አላሉት። ቀበቶውን ዳሌ አጥንት ላይ፣ ከሆድ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ቀጥሎ ማንገቻውን ሳቡ፤ ትከሻን ይንካ እንጂ አይጫን። ከዚያ ከትከሻ በላይ ያሉትን ትናንሽ ማጥበቂያዎች ሳብ አድርጉ። የደረቱን ማሰሪያ በመጨረሻ እሰሩ።

ደግሞ ባዶ ቦርሳ አትሞክሩ። ባዶ ሲሆን ሁሉም ይመቻል። እኔ ቦርሳ ልገዛ ስሄድ በቅርብ ካለ ሱቅ አንድ እሽግ ባለሁለት ሊትር ውሃ እገዛለሁ። 6 ጠርሙስ፣ 12 ኪሎ። ባለሱቁ «ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ ያየኛል። እዚያው እየተንጎራደድኩ 15 ደቂቃ እቆያለሁ። ካልገዛሁ ውሃው አይጣልም።

«ትልቅ መግዛት ይሻላል፤ ቦታ አይበዛም»

ቦታ ይበዛል። ትልቅ ቦርሳ ያለው ሰው ሦስተኛ ሌንስ ይዞ ይሄዳል፤ አንድም ጊዜ ሳያወጣው ይመለሳል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዕቃው እየተንሸራተተ ሚዛን ያስታል። ሰሜን ላይ ድንኳኑንና የመኝታ ከረጢቱን በቅሎ ስለሚሸከመው ከ30 እስከ 35 ሊትር ይበቃል። እንጦጦ ወይም መናገሻ ደርሶ ለመመለስ 20 ሊትር አያንስም። ሁሉንም ራሳችሁ ተሸክማችሁ ውጭ ካደራችሁ ብቻ ነው ወደ 50 እና 60 መሄድ ያለባችሁ።

«በቅሎ ካለ ካሜራውም በበቅሎ ይሂድ»

በፍጹም። በቅሎዎቹ በራሳቸው ሰዓት ነው የሚሄዱት። ባለበቅሎዎቹ ካምፑን ጠቅልለው ዘግይተው ይነሱና መንገድ ላይ አልፈዋችሁ ይሄዳሉ። ጨነቅ ካምፕ አካባቢ ዋልያ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ስታገኙት ሌንሱ አንድ ሰዓት ቀድሟችሁ ካምፕ ገብቷል። ጭነት ደግሞ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ይንሸራተታል፣ በገመድ ይጠፈራል። ሌላ ጭነትም ከላዩ ይወጣል። ለበቅሎው ልብስ፣ ምግብና ማብሰያ ስጡት። ቻርጀርም ይሂድ። ካሜራና ሜሞሪ ካርድ ከእናንተ አይለይ።

«ውሃ አያስገባም ተብሎ ተጽፎበታል»

ጨርቁ ላያስገባ ይችላል። ዚፑና ስፌቱ ግን ያስገባሉ። ከቦርሳው ጋር የሚመጣው የዝናብ ሽፋንም የሚከልለው ከውጭ በኩል ነው። ጀርባችሁን ታኮ የሚወርደው ውሃ ማንገቻውን ተከትሎ ይገባል። ነፋስ ካለ ሽፋኑ ራሱ ይበራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋ ላይ የወጣ ሰው ይህን ያውቃል። በእርግጥ በበጋም ተራራው ላይ ጉም ከነካፊያው ይመጣል፤ ማንንም አያስፈቅድም።

እኔ የማምነው ከውስጥ ያለውን መከላከያ ነው። አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ካገኛችሁ ኪዩቡን ከነካሜራው እዚያ ውስጥ ክተቱ። ካጣችሁ ወፍራም ላስቲክ ሁለት ድርብ አድርጉ። ርካሽ ነው፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ሰዎች የሚዘነጉት ሌላ እርጥበትም አለ። ብርድ ውስጥ የዋለ ካሜራ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሠራል። እንዲህ ያለ ክፍል እንደገባችሁ ቦርሳውን አትክፈቱት። ተዘግቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ጤዛው ውጭው ላይ ይቀራል። ባትሪዎቹን ግን ቀድማችሁ አውጡና ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችኋቸው ተኙ። ብርድ ባትሪ ያደክማል። ጠዋት በፀሐይ መውጫ የሞተ ባትሪ ይዞ እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ መቆም ያናድዳል፤ ደርሶብኛል።

«ከባዱን ዕቃ ታች ማድረግ ነው»

ለሻንጣ እውነት ነው። ለጀርባ ቦርሳ ግን ከባዱ ዕቃ መሐል ላይ፣ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ታች ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል። ታች ጃኬት ይግባ። ትሪፖዱን በጎን እሰሩት፤ የውሃ ጠርሙሱን በሌላው ጎን። ከኋላ መሐል ላይ የተንጠለጠለ ትሪፖድ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ዳገት ላይ ግን አንድ ሰው ከኋላ ይዞ የሚስባችሁ ነው የሚመስለው።

«በየት በኩልም ቢከፈት ያው ነው»

ያው አይደለም። በፊት በኩል የሚከፈት ቦርሳ ዕቃ ለማውጣት ሲተኛ ማንገቻውና የጀርባው ስፖንጅ ጭቃ ላይ ያርፋል። ከዚያ ጭቃውን መልሳችሁ ትለብሱታላችሁ። በጀርባ በኩል የሚከፈተው ግን የሚተኛው በውጭው ነው። ቀበቶውን ሳትፈቱ ማንገቻውን ብቻ አውልቃችሁ ቦርሳውን ወደ ሆዳችሁ ማዞርም ትችላላችሁ። መሬት ሳይነካ ሌንስ ትቀይራላችሁ። ከላይ ብቻ የሚከፈተውን ካሜራ ላለው ሰው አልመክርም።

«ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ካለ ተጠበቀ»

ተጠበቀ፤ ፎቶው ግን አመለጠ። ቦርሳ ውስጥ ያለ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ሁለቴ ቢወጣ ነው። አንገት ላይ ማንጠልጠልም መልስ አይሆንም። ይወዛወዛል፣ ድንጋይ ስትጨብጡ ይጋጫል፣ ገደል ጫፍ ላይ ስትጎነበሱ ቀድሟችሁ ይሄዳል። የትከሻ ማንገቻው ላይ የሚታሰር የካሜራ መቆለፊያ አለ፤ ፒክ ዲዛይን የሚሠራው የታወቀ ነው። አንድ ካሜራ ከመካከለኛ ሌንስ ጋር እዚያ ይቀመጣል። ቦርሳ ስትገዙ ማንገቻው ይህን ለመያዝ የሚበቃ ጥንካሬና ስፋት እንዳለው እዩ። ሩቁን የሚያቀርበውን ከባድ ሌንስ (ቴሌ) ግን እዚያ አትስቀሉ፤ ሚዛን ያስታል።

«ትንሽ ስለሆነ አውሮፕላን ውስጥ ይዤው እገባለሁ»

ወደ ሰሜን በጎንደር ለሚሄድ ሰው ይህ ነገር አዲስ አበባ ኤርፖርት ላይ ያጋጥመዋል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢኮኖሚ ተጓዥ የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ልኩም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ከላይ ያሰላነውን 10 ኪሎ አስታውሱ። እኔ ጃኬቱን ለብሼ፣ አንዱን ሌንስ ኪሱ ውስጥ ከትቼ ነው የማልፈው። ትሪፖዱ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ በጭነት ይሄዳል። ትርፍ ባትሪዎቹን ግን በስህተትም ቢሆን ጭነት ውስጥ እንዳትተዉ። ሊቲየም ስለሆኑ ከተሳፋሪው ጋር ካቢን ውስጥ ነው የሚሄዱት፤ ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኑት።