የመጨረሻው ቡድን ለምን አንደኛ ላይመርጥ ይችላል?

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ አብዝቶ የተሸነፈ ቡድን በአዳዲስ ተጫዋቾች ዓመታዊ ምርጫ፣ ማለትም በድራፍቱ፣ ቀዳሚ እንደሚሆን ብዙዎች ያምናሉ፤ ደንቡ ግን የሚሰጠው ቅድሚያውን ሳይሆን የተሻለ ዕድልን ነው። ለፕሌይኦፍ፣ ማለትም ሻምፒዮኑ ለሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ያልበቁት 14 ቡድኖች ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው አሠራር መሠረት ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ሦስቱ ቡድኖች አንደኛውን ምርጫ የማግኘት እኩል 14 በመቶ ዕድል አላቸው። ዓላማው ሆን ብሎ መሸነፍን ማስቀረት ነበር።

በዕጣ የሚወሰኑት የመጀመሪያዎቹ አራት ቦታዎች ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ከዝቅተኛው ውጤት ጀምሮ በቅደም ተከተል ስለሚሞሉ፣ የመጨረሻው ቡድን ከአምስተኛ በታች አይወርድም። አምስተኛ የመሆን ዕድሉ ግን 47.9 በመቶ ነው፤ ይህን ቁጥር ማን ማንን እንደሚመርጥ የሚተነብዩ ሰዎች በቸልታ የሚያልፉት ይመስለኛል። ዲትሮይት ፒስተንስ በ2023 እና በ2024፣ ዩታ ጃዝ ደግሞ በ2025 የሊጉን ዝቅተኛ ውጤት ይዘው ሦስቱም ጊዜ አምስተኛው ምርጫ ደረሳቸው፤ በ2025 በአንደኛው ምርጫ ኩፐር ፍላግ የተባለውን ተጫዋች የወሰደው 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ የነበረው ዳላስ ማቬሪክስ ነው። ስለዚህ ከዕጣው በፊት ለደካማ ቡድን የሚቀርብ ትንበያ አንድ ስም ከመጥራት ይልቅ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ቦታ የሚገኙትን ተጫዋቾች በሙሉ ማካተት ይኖርበታል።