የካሜራ ፍሬምና የምስል ቅንብር ትምህርት በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

ፍሬም ካሜራው ከፊቱ ካለው ነገር ሁሉ ቆርጦ የሚያስቀረው አራት ማዕዘን ነው። የምስል ቅንብር ደግሞ በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ማን የት እንደሚቆም፣ ምን ጎልቶ እንደሚታይና ምን ከነጭራሹ እንደሚቀር መወሰን ነው። ይህን ሙያ ባሕር ዳር ላይ የሚማር ሰው በአንድ በኩል ታድሏል፣ በሌላ በኩል ተቸግሯል። ጣና ካሜራውን በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዞሩበት ያምራል። በዚህም የተነሳ ያልታሰበበት ምስል የታሰበበት ይመስላል፤ ጀማሪውም የሐይቁን ውበት የራሱ ችሎታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ያው ልጅ በማግስቱ አንድ ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ነጭ ግድግዳና አንድ መስኮት ባለበት፣ ቃለ መጠይቅ ቅረጽ ሲባል ግራ ይገባዋል።

ሙያው የሚለመድባቸው በሮች ብዙ ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ተግባቦት ትምህርት ይሰጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማ የሆነው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቤት ነው። ሌላው ሰፊ በር የሠርግ ቀረጻ ነው። ልጁ መጀመሪያ ትራይፖድና ባትሪ ተሸክሞ ይውላል፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ካሜራ ይይዛል፣ ከዚያ ማታ ማታ ኤዲት ከሚያደርገው ሰው ጎን ቁጭ ብሎ የራሱን ጉድ ያያል። «ጭንቅላቱን ቆረጥከው እኮ! ሚዜው የት ሄደ?» የሚለው ቁጣ ከብዙ የክፍል ትምህርት ይበልጣል። ሠርግ ጨካኝ አስተማሪ ነው፤ ቀለበቱ ጣት ውስጥ ሲገባ ያመለጠው ሾት «እስቲ ድገሙልኝ» አይባልበትም። በዚያው ልክ መጥፎ ልማድም ያስይዛል። ሁሉንም ሰው በአንድ ፍሬም ለማስገባት መጣር፣ ያለ ምክንያት ዙም ማድረግና ጊምባሉን (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን መሣሪያ) ሳያሳርፉ ማሽከርከር የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ ሩል ኦፍ ሰርድስ የሚሉት ነው። ፍሬሙ በሁለት ቁምና በሁለት አግድም መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ይከፈልና ዋናው ነገር መስመሮቹ ላይ ወይም መገናኛቸው ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ስልኮች ላይ ግሪድ የሚባለው ማብሪያ ይኸው ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1797 በጽሑፍ ያሰፈረው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ ሲሆን፣ ያነሳውም ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል ሲጽፍ ነበር። የእሱ ጭንቀት ሰማዩ ምን ያህል፣ መሬቱና ውኃው ምን ያህል ቦታ ይያዙ የሚለው ነው። ሐይቅ ዳር ለሚቀርጽ ሰው ጥያቄው ዛሬም ይኸው ነው። ክረምት ሲገባ ደመናው በጣና ላይ ሲከማች ሁለት ሦስተኛውን ለሰማዩ መስጠት ያዋጣል። በጥርና በየካቲት ሰማዩ ባዶና ነጣ ያለ ሲሆን ግን ቦታውን ለውኃው፣ ለደንገሉና ለፔሊካኖቹ መልቀቅ ይሻላል። አድማሱ በፍሬሙ እኩሌታ ላይ ሲያልፍ ምስሉ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። የተንጋደደ እንደሆነማ አያድርስ! ሐይቁ ወደ አንድ በኩል የሚፈስ ይመስላል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ካሜራው ውኃ ልክ መሆን አለበት።

ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ግን የካሜራው ቁመት ነው። ሐይቅ ዳር ከቆመ ሰው ጀርባ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ ያ የውኃ መስመር ምስሉ ላይ የሚያርፈው በሌንሱ ቁመት ልክ ነው። ካሜራማኑ ቆሞ ከዓይኑ ሥር ከቀረጸ፣ ተቀራጩም ቁመቱ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ አድማሱ የሰውየውን ጭንቅላት ከጆሮ እስከ ጆሮ ይሰነጥቀዋል። ካሜራውን ባለበት ቁመት ቀና ወይም ደፋ ማድረግ አይፈይድም፤ መስመሩም ሰውየውም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የሚረዳው ትራይፖዱን ራሱን ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ወደ ወገብ ሲወርድ መስመሩ ወገብ ላይ ያርፍና ፊቱ ሰማይ ላይ ብቻውን ይቀራል። ከፍ ያለ ደረጃ ወይም ድንጋይ ላይ ሆነው ሲቀርጹ ደግሞ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ውኃው ላይ ይገባል። ሁለተኛው በአመዛኙ ይሻላል እላለሁ። ሰማዩ ደማቅ ስለሆነ ፊትን ያጠቁራል፤ ውኃው ግን ደብዘዝ ስለሚል የጠይም ፊት ቀለም ይወጣል። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ሲሆን ኤክስፖዥሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) በልብሱ ሳይሆን በፊቱ መለካት፣ ከዚያም የልብሱ ጥለትና እጥፋት እንዳይጠፋ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ብርሃኑም ቦታው የሚወስነው ነው። ባሕር ዳር ከጣና በስተደቡብ ጫፍ ስለተቀመጠች ከከተማዋ ወደ ሐይቁ የዞረ ካሜራ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ያያል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ11 ዲግሪ ተኩል ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል፣ ማለትም ከካሜራማኑ ጀርባ ታልፋለች፤ በተቀሩት ወራት በሐይቁ በኩል ታልፋለች። በሁለቱ መሸጋገሪያ ሰሞን ቀትር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትወጣና የሰው ዓይን ጉድጓድ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ያኔ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር መግባት፣ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ብርሃን ወደ ፊት መመለስም የተለመደ መላ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ለመቅረጽም ወሩን ማወቅ ይጠይቃል። በታኅሣሥ ከምዕራብ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ በየብሱ በኩል ትጠልቃለች፤ በግንቦትና በሰኔ ወደ ሰሜን ስለምትጠጋ የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ወዳለበት አቅጣጫ ውኃው ላይ ትወርዳለች። አወራረዷ ቀጥ ያለ ስለሆነም ከጠለቀች በኋላ ለቀረጻ የሚሆን ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሌንስ መቀያየርና ቦታ መምረጥ ከ11 ሰዓት በፊት ያለቀ ሥራ መሆን አለበት።

የአቅጣጫ ሕግን ለመማር ከታንኳ የተሻለ ነገር አይገኝም። ከደንገል የተሠራ ታንኳ እንጨት ጭኖ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ከዳር ሆነው ቀረጹት እንበል። ቀጥሎ በሞተር ጀልባ ወደ ማዶው ዞረው ያንኑ ታንኳ ሲቀርጹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ሁለቱን አጣብቆ ያየ ተመልካች ሰውየው ዕቃ ረስቶ የተመለሰ ይመስለዋል። የ180 ዲግሪ ሕግ የሚባለው ይኸው ነው። በተቀራጮቹ መካከል ወይም በጉዞው አቅጣጫ አንድ የማይታይ መስመር ይሰመራል፤ ካሜራው ከመስመሩ በአንድ ወገን ይቆያል። ዳር ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ሁለት ሰዎችን ውኃውን ከጀርባቸው አድርጎ ሲቀርጹ ሐይቁ ራሱ ሕጉን ያስከብራል፤ ካሜራማኑ መስመሩን ልሻገር ቢል ውኃ ውስጥ ይገባል። ታንኳው ላይ ሌላም ትምህርት አለ። ከሚሄድበት አቅጣጫ ፊት ሰፋ ያለ ቦታ ካልተተወለት ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ለሚያወራ ሰውም ወደሚያይበት በኩል እንዲሁ ይተውለታል። ታንኳ ደግሞ ዝቅ ያለ ነገር ነው። ከጀልባ ላይ ቆመው ቁልቁል ከቀረጹት ቀዛፊውም ታንኳውም ያነሱ ይመስላሉ፤ ሌንሱ ውኃውን ሊነካ ሲደርስ ግን የቀዛፊው ትከሻ ከአድማሱ በላይ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳና ሞገዱ ስለሚበረታ ይህን የመሰለ ሾት የጠዋት ሥራ ነው።

ስለ ፍሬም ሲወራ የሐይቁን ገዳማት ሥዕሎች አለማንሳት አይቻልም። ዘጌ ላይ ያለችው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷ ግድግዳ በጨርቅ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች ከላይ እስከ ታች ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ በመስመር ተለያይተው በየረድፉ ተደርድረዋል፤ ታሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይነበባል፤ ሾትን ከሾት ለሚያያይዝ የፊልም ተማሪ ይህ የታወቀ ሥራ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው የፊት አሣሣል ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትውፊት ጻድቃን ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠዓሊው በፊት አቅጣጫ ብቻ ፍርዱን ተናግሯል። ካሜራም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሁለት ዓይኑ የሚታይ ተናጋሪ ተመልካቹን ያቀርባል፤ ሙሉ በሙሉ በጎን የተቀረጸ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለ ያስመስለዋል። ቃለ መጠይቅ ሲቀረጽ ጠያቂው ከሌንሱ አጠገብ እንዲቀመጥ የሚደረገው ለዚህ ነው። ሥዕሎቹን ራሳቸውን መቅረጽ ግን ፈታኝ ነው። በቅድስቱና በመቅደሱ ግድግዳ መካከል ወደ ኋላ ለመሸሽ በቂ ቦታ የለም፤ ሰፊ ሌንስ ሲያደርጉ ዳሩ ይጎብጣል። ፍላሽ ደግሞ ጥንታዊ ቀለም ላይ የሚተኮስ ነገር አይደለም። ክፍል ክፍሉን ለየብቻ፣ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጎ፣ በሩ ሲከፈት በሚገባው ብርሃን መቅረጽ ይመረጣል።

ጢስ ዓባይ ላይ ችግሩ የመጠን ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ቢኖረውም፣ አጠገቡ ሰው ወይም ዛፍ ከሌለ ምስሉ ላይ አሥር ሜትርም ሊመስል ይችላል። ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል፤ ሙላቱ የሚታየው ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ገደማ ነው። ቀስተ ደመናው ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ብቻ ይወጣል።

ስልክ የያዘው ትውልድ ያመጣው አዲስ ጥያቄ የቁም ፍሬም ነው። ቴሌቪዥን ወርዱ ለቁመቱ 16 በ9 ነው፤ ቲክቶክ 9 በ16። ሐይቅ በባሕርዩ አግድም ስለሆነ የቁም ፍሬም ውስጥ አንድ ቀጭን ቅዳጅ ብቻ ይሆናል። መንገድ ዳር የተሰለፉት ዘንባባዎች፣ ደንገሉና የቆመ ሰው ግን ለዚህ ቅርጽ የተፈጠሩ ናቸው። ሠርግ አሠሪዎች አሁን ሁለቱንም ስለሚፈልጉ ካሜራማኑ ሙሽሮቹን መሐል ላይ አድርጎ ዳርና ዳሩን ባዶ ይተዋል። ውጤቱ ለሁለቱም የሚሆን፣ በሁለቱም ደካማ የሆነ ምስል ነው። ጊዜ ካለ ሁለት ጊዜ መቅረጽ ይሻላል።

ፈቃድም የቅንብሩ አካል ነው፤ ካሜራው የት እንደሚቆም የሚወስነው እሱም ጭምር ነውና። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በሚባሉት የሐይቁ ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ካሜራ ባለሙያ ያለበት ቡድን አስቀድሞ ሥራውን መከፋፈል ይኖርበታል። በሌሎቹም ገዳማት አስተዳዳሪውን አባት ማስፈቀድ፣ ጫማ ማውለቅ፣ የቅዳሴን ሰዓት ማክበር ግድ ነው። በድልድዮችና በኃይል ማመንጫዎች አካባቢ ጥበቃዎች ካሜራ ሲያዩ ማስቆማቸው አይቀርም፤ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለው የዓባይ ድልድይ ከፍ ካለው ቤዛዊት ኮረብታ ለመቅረጽ ያሰበ ሰውም የፈቃድ ደብዳቤውን ኪሱ ውስጥ ቢይዝ ይመረጣል። ድሮን ደግሞ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ አገር አይገባም፣ አይበርም።