«ኑ፥ ምሳ ብሉ» ያለው ጌታ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ ወገኖቼ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ አዳም የሚታሰብበት ቀን። ዶሮው አልቋል፤ እንግዳውም ቀለል ብሏል። ቁጭ ብሎ ለማሰብ ደህና ጊዜ ነው። ይህን ከበዓሉ በፊት ብጽፈው ማን ያነበው ነበር? ሁሉም ገበያ ነበራ።

ሰኞ፣ በማዕዶት ዕለት፣ አንዲት እናት መንገድ ላይ አገኘሁ። «እማማ፣ ሌሊት አላየሁዎትም፤ የት ቆመው ነበር?» አልኳቸው።

«የት እቆማለሁ ልጄ፣ ከምድጃዬ ሥር ነዋ! ‹ክርስቶስ ተንሥአ› ሲባል በድምፅ ማጉያው ሰማሁ። እኔም ጭልፋዬን እንደያዝኩ እልል አልኩ» ብለው ሳቁ።

እሳቸው ስቀው አለፉ። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በሙሉ ነጭ ለብሰው፣ ጧፍ ይዘው ሲያስቀድሱ አይቻቸዋለሁ።

የእሳቸው ቤት ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ነገር ግን በባሕር ዳር ከሽምብጥ እስከ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለው ወግ ይኸው ነው። ቅዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ብለው ቄጠማ ያድላሉ። እናት ቄጠማዋን ግንባሯ ላይ አስራ ጓዳ ትገባለች። ከዚያ የምትወጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ያውም መሶብ ተሸክማ። ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባለች። አሥራ ሁለቱን ብልት ታወጣለች፤ ዕንቁላል ትቀቅላለች። አክፍሎት የያዘች ከሆነማ አፏ ውኃ እንኳ ሳይነካ፣ የወጡን ጨው ሳትቀምስ፣ በመዓዛው ብቻ ገምታ ነው የምትሠራው። እንዴት ልክ እንደሚመጣላት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ይህን ሙያ እንለዋለን። ሙያ ነው፤ አልክድም። ግን የትንሣኤ ሌሊት እናትን ከቅዳሴ የሚያስቀር ሙያ ማንን ለማክበር ነው?

ወንጌሉን እዩት እስቲ። በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ ገና ጨለማ ሳለ፣ ወደ መቃብሩ የገሰገሱት ሴቶች ናቸው። ሽቱ ይዘው ሄዱ። ወንዶቹ ፈርተው ደጅ ዘግተው ነበር። መነሣቱን መጀመሪያ የሰሙት እነዚያ ሴቶች ናቸው። መግደላዊት ማርያምን ጌታ በስሟ ጠራት፤ ለወንድሞቹ እንድትነግር ላካት። ያ ዜና በሴት አፍ ነው ለሐዋርያት የደረሰው። ታዲያ እኛ ዜናውን አስቀድመው የሰሙትን የእነዚያን ሴቶች ልጆች፣ እናቶቻችንን፣ ነጥለን ጓዳ ቆለፍናቸው። እነዚያ ሴቶች «ድንጋዩን ማን ያንከባልልልናል?» እየተባባሉ ሄደው ተንከባሎ አገኙት። የእኛን እናቶች ድስት ግን ማንም አላነሣላቸውም።

አሁን ወደምወደው ቦታ ልግባ። ከትንሣኤው ታሪክ ሁሉ እኔ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ስደርስ መቀጠል ያቅተኛል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ምዕራፍ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ጴጥሮስ «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» አለ። ሌሎቹም አብረውት ሄዱ፤ ሰባት ሆኑ። «በዚያችም ሌሊት ምንም አላጠመዱም» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ መረብ ሲጎትት አድሮ፣ ከዓሣ ይልቅ እምቦጭ ይዞ የሚመለስ ሰው እኛ ሐይቅ ዳርም አለ። ጠዋት ታንኳውን ሲያስጠጋ ፊቱን አይቶ «ምን ያዝክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ጌታ ግን ጠየቃቸው። ነግቶ ነበር፤ እሱም በባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር። «ልጆች ሆይ፥ አንዳች የሚበላ አላችሁን?» አላቸው። «የለንም» አሉት። መረቡን በታንኳይቱ በስተ ቀኝ ጣሉት አላቸው። ጣሉት፤ 153 ታላላቅ ዓሦች ገቡ። ሰባኪው ሁሉ ይህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ይተረጉማል፤ ያመሰጥራል። መልካም ነው። እኔን የሚያስቆመኝ ግን ከቁጥሩ በፊት ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ወደ ምድርም በወጡ ጊዜ ፍምና ዓሣ በላዩ ተቀምጦ እንጀራም አዩ።»

ፍሙን ማን አነደደው? ዓሣውን ማን ጠበሰው?

እሱ ራሱ ነው። ሞትን ድል የነሣው፣ ሲኦልን የበረበረው፣ ኪሩቤል የሚሸከሙት ጌታ በማለዳ እሳት አንድዶ ምግብ ሠራ። ምስማር ባለፈበት እጁ ሠራ። ከዚያ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ብሎ ጠራቸው። ጠርቶም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። «ኢየሱስም መጣና እንጀራ አንሥቶ ሰጣቸው፥ እንዲሁም ዓሣውን።» ሠራ፣ ጠራ፣ አቀረበ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን መገለጡን በርክበ ካህናት ታስበዋለች። የአባቶች ጉባኤ የሚደረግበት ዕለት ከዚህ ምድጃ ጋር መገናኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ሌላም ነገር አለ። ዓሣው ፍሙ ላይ እያለ «አሁን ካጠመዳችሁት ዓሣ አምጡ» አላቸው። ጎድሎት ነው? አይደለም። የእነሱን ከራሱ ጋር ሊደባልቅላቸው ነው። ያመጡትስ ቢሆን የማን ነው? በራሳቸው ጉልበት ሌሊቱን ያገኙት ባዶ መረብ ነበር። የበዓል ምስጋና የሚጀምረው ይህን ከማወቅ ይመስለኛል። «ዶሮውን በደመወዜ ገዛሁት» የሚል አባት አለ። ደመወዙን ያገኘህበትን ጤና ማን ሰጠህ? ዶሮዋ ከገጠር እስክትመጣ መንገዱን ማን ጠበቀው? በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ሰው ወጥቶ መግባቱ ራሱ ተአምር ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼ፣ ከእናንተ ጋር ትንሽ እንነጋገር። «ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ» መባል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጎጃም ነው ያደግሁት። ወንዱ በስመ አብ ብሎ ዶሮዋን ያርዳል፣ ቢላዋውን ያቀብላል፣ የእሱ በዓል ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ ሻወር፣ ነጭ ልብስ፣ ጧፍ፣ አንዳንዱም ቲክቶክ። አንተ ወንድሜ፣ ጌታህ ፍም ካነደደ አንተ ሽንኩርት ብትልጥ የትኛው ክብርህ ይቀንሳል? ያስለቅሰኛል ካልክ ደግሞ አልቅስ። በሰሙነ ሕማማት እንባ እምቢ ያለው ሰው ቢያንስ እዚህ ያነባል።

ነገሩ የሚከብድ አይደለም። ቤቱ በሙሉ ከጠዋት ጀምሮ ከተረባረበ ወጡ ከምሽቱ በፊት ይወርዳል። ዕንቁላሉ ከቅዳሴ መልስ ቢገባ ማንም አይሞትም። ሆድ የሚያለሰልሰው ተልባም ቀድሞ ይዘጋጃል። ቤት ጠባቂ ያስፈልጋል ከተባለ በተራ ይሁን፤ ዘንድሮ አባት፣ ለከርሞ ትልቁ ልጅ። ዋናው ነገር «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲባል እናት ከሕዝቡ መሐል ቆማ ትመልስ። በድምፅ ማጉያ አይደለም።

ምግቡን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። ዶሮ ወጥ ላይ ፊቱን የሚያጠቁር መንፈሳዊነት አይገባኝም። ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ሲያለቅስ ነህምያ ምን አለ? «ሂዱ፥ የሰባውንም ብሉ፥ ጣፋጩንም ጠጡ።» ብሉ ነው ያለው። ግን ቃሉ እዚያ አያቆምም። ምንም ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን ላኩ ይላል። አክፋይ ለአማትና ለክርስትና እናት ማድረስ ደግ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። የጎረቤት ደጅ ግን ተዘሎ አማት ቤት አይደረስም።

ስለ መጠጡ ብዙ አልልም፤ ያደረገው ሰው ራሱ ያውቀዋል። ስለ ቅርጫው ግን አንድ ቃል። ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋ ጾሞ፣ በፋሲካ ጠዋት መደቡ አነሰብኝ ብሎ ወንድሙን የሚሰድብ ሰው ምኑን ጾመ? ቅዱስ ጳውሎስ ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷልና በቅንነትና በእውነት በዓልን እናድርግ ብሎናል። አሮጌውን እርሾ፣ የግፍና የክፋቱን፣ ጣሉት ነው የሚለው። እኛ እርሾውን ከነቡሃቃው ይዘነው መጣን።

ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለሱ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ይቆይ። የበዓል ፕሮግራሙ የትም አይሄድም። መሶቡ ሳይከፈት ቤተሰቡ ይቁም። የቤቱ ትንሹ ልጅ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ይበል፤ ሌላው ይመልስለት፤ እስከ «ፍሥሓ ወሰላም» ድረስ። ከዚያ ጸሎተ አኰቴት ይደረስ። ይህ የቅዱስ ባስልዮስ የምስጋና ጸሎት ሳስበው ለበዓል ማዕድ የተጻፈ ይመስለኛል። ለእኛ በጎ ነገርን ያደረገ፣ ይቅር ባይ እግዚአብሔርን እናመስግነው፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። በዚህ መሐል እያንዳንዱ በገዛ አማርኛው አንድ ነገር ይጨምርበት። አያት ስለ ጉልበታቸው ያመስግኑ። ልጅቷ ስላለፈችው ፈተና ታመስግን። አባት ደግሞ በልጆቹ ፊት ስለ ሚስቱ እግዚአብሔርን ያመስግን። ይህኛው ለብዙ አባት ከስግደት ይከብደዋል፤ ግን ይሞክረው።

ይህን ስጽፍ ዘንድሮ ማዕዳቸው የጎደለባቸው ቤቶች ይታዩኛል። ከበዓሉ በፊት ሰው የቀበሩ አሉ። ልጃቸው መንገድ ተዘግቶበት ያልመጣላቸው አሉ። ዶሮ ይቅርና ሽንኩርቱም የከበዳቸው አሉ። «ምን ብዬ ላመስግን?» ብትሉ አልገሥጻችሁም፤ አፌም አይችልም። እነዚያ ሰባቱ «የሚበላ አላችሁን?» ሲባሉ የመለሱትን ብቻ አስታውሱ። «የለንም» ነው ያሉት። አላሳመሩትም፣ አልሸነገሉትም። ጌታም «ለምን የለም?» ብሎ አልወቀሳቸውም። «የለንም» ያሉት ከባሕሩ ላይ ሆነው ነው፤ ፍሙ ግን በዳርቻው ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ጌታ መሆኑን ገና አላወቁትም። እሱ ግን ያውቃቸዋል። እናንተም ለጊዜው የምትሉት «የለንም» ብቻ ከሆነ እሱኑ በሉት። ከልብ ለእሱ እስከተነገረ ድረስ ጸሎት ነው። እኛ ጎረቤቶቻችሁ ደግሞ ሰሐን ይዘን እንምጣ። ባዶ እጃችንንም ቢሆን እንምጣ።

ከምሳው በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጴጥሮስ ጌታውን አላውቀውም ያለው ብርድ በነበረበት ሌሊት፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ የፍም እሳት ዳር ቆሞ እየሞቀ ነው። አሁን ጌታ ሌላ ፍም አንድዶ ጠበቀው። ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ሊለው ነው። ግን መቼ ጠየቀው? ምሳ ከበሉ በኋላ። መጀመሪያ አበላው። እኛ እንዲህ አናደርግም። «መጀመሪያ ጥፋቱን ይመን፣ ሽማግሌ ይላክ፣ ከዚያ ቤቴ ይግባ» እንላለን። በውርስ ቤት የተጣላን ወንድማማቾች፣ በአንድ ቃል የተኳረፍን እኅትማማቾች፣ በየዓመቱ ፋሲካን ለየብቻ እንፈስካለን። በየቤታችን ዶሮ አለ። በየቤታችንም አንድ ሰው ይጎድላል።

በዓለ ሃምሳ ገና መግባቱ ነው፤ ጊዜ አለ። ያን ሰው ጥሩት። ስለ ጥፋቱ አታንሡበት፤ መጀመሪያ አብሉት። ወጡ አልቆ ከሆነ ቡና አፍሉ።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ደግሞ ቅዱሳት አንስት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሽቱ ይዘው የገሰገሱትን እነዚያን ሴቶች የምታስብበት ዕለት ነው። ጠዋት ቅዳሴ አለ። እናቶቻችን ነጠላቸውን ለብሰው ቀድመው ይውጡ፤ ምድጃውን ለወንዶቹ ይተዉት። ሲመለሱ የሚቀርበው ሽሮ ብቻ ከሆነም ሽሮ ይሁን። ቢያርም ይብሉታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።