«ጥናት አረጋግጧል» የተባለ ሁሉ እውነት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጥናት አረጋግጧል» ከተባለ ብዙዎቻችን ክርክሩን እናቆማለን። የሚያሳዝነው፣ የመጀመሪያው ውጤት ዓለምን ሲያዳርስ በኋላ የመጣው እርማት ብዙ ሰው ጋ አለመድረሱ ነው። ጥቂቶቹን እንይ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጣፋጩን ሳይበላ የታገሠ ሕፃን ሲያድግ ይሳካለታል»

ይህ እምነት የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል በ1960ዎቹ መጨረሻ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ከጀመረው የማርሽማሎው (ለስላሳ ጣፋጭ) ሙከራ ነው። ልጁ ብቻውን ከጣፋጩ ጋር ይቀመጣል። ወዲያው ከበላ አንድ፣ ከጠበቀ ሁለት ያገኛል። የታገሡት ልጆች በኋላ በትምህርታቸው ጎበዝ ሆኑ ተባለ። ግን በኋላ የተከታተሏቸው ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው።

በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ 900 የሚጠጉ፣ ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ ልጆችን መረጃ መረመሩ። በመታገሥና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ዝምድና ድሮ ከተባለው በግማሽ ያህል አነሰ። የቤተሰቡን ኑሮና የልጁን የቀደመ ችሎታ ሲያካትቱ ደግሞ ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ጠፋ።

እኔን ይበልጥ የነካኝ በ2013 የወጣው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። 28 ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ ያገለገሉ የቀለም እርሳሶች ተሰጧቸው፤ «ከጠበቃችሁ የተሻለ አመጣለሁ» ተባሉ። ለግማሾቹ የተባለው መጣ። ለሌሎቹ ግን «ይቅርታ፣ የለም» ተባለ። በስቲከርም ያው ተደገመ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል ከተጠበቀላቸው 14 ልጆች 9ኙ ሙሉውን 15 ደቂቃ ጠበቁ። ቃል ከታጠፈባቸው 14 ልጆች ግን እስከ መጨረሻው የጠበቀው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለቴ የተዋሸ ልጅ የቀረበለትን ወዲያው ቢበላ ምኑ ያስነቅፈዋል? «ይሄ ልጅ ትዕግሥት የለውም» ከማለታችን በፊት የእኛን ቃል አክባሪነት ብንጠይቅ ደስ ይለኛል።

«ስኳር ልጆችን ያቅበጠብጣል»

በልደት ድግስ ላይ ሁሌ የሚነገር ነው። በ1995 በርካታ ሙከራዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ ስኳር የልጆችን ባሕርይ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ታዲያ ለምን እንዲህ ይመስለናል? በ1994 በተሠራ ሙከራ ላይ ልጆቹ ሁሉ የጠጡት ስኳር የሌለበት መጠጥ ነበር። ለግማሾቹ እናቶች ግን «ልጅሽ ብዙ ስኳር ጠጥቷል» ተባለ። እነዚህ እናቶች ልጃቸው ይበልጥ እንደቀበጠ ተናገሩ። ከልጃቸው አጠገብ አልርቅ አሉ፤ ቁጣቸውም በዛ። የጠበቁትን አዩ ማለት ነው። ስኳር ለጥርስ ጠንቅ መሆኑ ግን እንዳለ ነው።

«ፊልም መሃል የተደበቀ ማስታወቂያ ሳናውቀው ያስገዛናል»

በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ አጥኚ፣ ዓይን በማይለየው ፍጥነት «ፈንዲሻ ብሉ»፣ «ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚል ጽሑፍ ሲኒማ ላይ እያሳየሁ ሽያጭ አሳደግኩ አለ። አገር ተሸበረ። በ1962 ግን መረጃው እዚህ ግባ የማይባል እንደነበር ቪካሪ ራሱ አመነ። ወሬው ግን እስካሁን አልሞተም።

«ምርጫ ሲበዛ ገዢ ግራ ተጋብቶ ይሄዳል»

ይህን ያስፋፋው በ2000 የታተመ የማርማላት ጥናት ነው። 24 ዓይነት ከቀረበላቸው ቀማሾች 3 በመቶው፣ 6 ዓይነት ከቀረበላቸው ደግሞ 30 በመቶው ገዙ። በ2010 ግን 50 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ አማካይ ውጤቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

«ፊዚክስ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ስህተት የለም»

አለ። በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ተመራማሪዎች ቡድን፣ ከጄኔቫው የምርምር ማዕከል ከሰርን ተነስተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ወዳለው ግራን ሳሶ የምርምር ጣቢያ የተላኩ ኒውትሪኖዎች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብርሃንን በ60 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ቀደሙ አለ። በአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ ብርሃንን የሚቀድም ነገር የለምና «አይንስታይን ተሳሳተ» የሚል ዜና ጎረፈ። ተመራማሪዎቹ ግን ያሉት «ስህተቱን አጣነው፣ እናንተም መርምሩልን» ነበር። ለዚህ ድፍረታቸው ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዋናው ጥፋት በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ ሆኖ ተገኘ። በ2012 ግራን ሳሶ ያሉ አራት ቡድኖች፣ ኦፔራን ጨምሮ፣ እንደገና ለኩ። ኒውትሪኖዎቹ ብርሃንን አልቀደሙም።