ቀጭኔውን ተዉትና ጦሳን ሣሉ

ደሴ ውስጥ የትምህርት ቤት ግድግዳ መሣል ከጀመርኩ ብዙ ክረምት አለፈ። ርእሰ መምህሩ ይደውልና «ተፈጥሮን የሚያሳይ ነገር ሥራልን» ይለኛል። ስሄድ ስልኩን አውጥቶ ቀጭኔ ያሳየኛል። ካልሆነም ዘንባባ የከበበው ፏፏቴ። እውነቴን ነው፣ ሰለቸኝ። ሁሌ የሚሉኝን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ተፈጥሮ ማለት አንበሳ፣ ቀጭኔና ዘንባባ ነው»

አይደለም! ከግቢው በር ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። የጦሳ ተራራ አለ። ከተማውን አቋርጦ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ አለ፤ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሐይቅ የሚባለው ውሃም ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ቀጭኔ የቆላ እንስሳ ነው፤ ልጆቹ በሚያውቁት ደጋ የለም። ጭላዳ ግን አለ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ ዝንጀሮ ነው። ቀይ ቀበሮም የወሎ ተራሮች ላይ ይኖራል፤ በዓለም የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ የእኛ ልጅ እነዚህን ከግድግዳው ላይ ካላየ የት ሊያይ ነው?

አንድ ትምህርት ቤት ኮሚቴውን ለምኜ ጦሳን ሣልኩ። ግርጌው ላይ ጥድ፣ ወይራና ቀይ አበባው የተንዠረገገ ኮሶ አደረግኩ። ሳልጨርስ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ መጥታ ጣቷን ከተራራው ሥር አሳረፈች። «ጋሼ፣ ቤታችን እዚህ ጋ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ ሁሉም የየቤቱን ቦታ ያሳይ ጀመር። ያ ቦታ ዛሬ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ላድሰው ብዬ ሄጄ እንዳለ ተውኩት። ከዚያ በፊት ስንት ቀጭኔ ሣልኩ፤ አንድም ልጅ እንዲህ አልቀረበውም።

«ባሕር ዛፍ አገር በቀል ነው»

ከአውስትራሊያ ነው የመጣው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን።

«ልጆች ያበላሹታል»

እጃቸውን ያላሳረፉበትን ነው የሚቧጭሩት። ቅጠል ለቅመው፣ ቀለም ነክረው፣ ራሳቸው ያተሙበትን ግድግዳ ሲቧጭሩ አላየሁም።

«ዋናው ውድ ቀለም መግዛት ነው»

ዋናው ግድግዳው ነው። አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይጠብቅ። ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አልካሊ የሚባል ኬሚካል የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ከዚያ ይላጣል። የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ ከመሬት እርጥበት ይስባል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካያችሁ ቀለም አትግዙ፤ መጀመሪያ የውሃውን መንገድ አስተካክሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋም ብርቱ ናት። ርካሽ ቀይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ የአፈር ቀለሞች፣ ቡኒውና ቢጫው፣ ይቆያሉ።

«ጥበብ ማለት የቀለም ሥዕል ብቻ ነው»

የሴራሚክ ስብርባሪ ለጥፎም ሥዕል መሥራት ይቻላል። ከሴራሚክ መሸጫ የተሰበረውን ለምኑ፣ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጧችኋል። ጋውዲ የሚባለው የባርሴሎና አርክቴክት በነደፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1914 በተሠራው ፓርክ ጉዌል ውስጥ ያለው ረጅሙ መቀመጫ በሴራሚክ ስብርባሪ የተለበጠ ነው። የሴራሚክ ቀለም በእሳት የተተኮሰ ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። የአደይ አበባን ቢጫ በዚህ ሥሩት። ጠርዙን ግን በድንጋይ አሹት፣ እጅ ይቆርጣል።

ጊዜው ደግሞ ጥቅምት ነው። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው የሚደርቀው ያኔ ነው። የካቲት ላይ በልጉ ሊመጣ ስለሚችል እስከ ጥር ጨርሱ።