ሻኬይ ምንድን ነው?

ሻኬይ ከግቢ ውጭ ያለን ተራራ፣ ደን ወይም ግንብ የአትክልት ስፍራው አካል መስሎ እንዲታይ የማድረግ የጃፓኖች ጥበብ ነው፤ የውሰት እይታ ልንለው እንችላለን። በቻይናም የቆየ ነው። ጂ ቼንግ እ.ኤ.አ. በ1631 በጻፈው የአትክልት ሥራ መመሪያ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከላይ፣ ከታችና ከወቅቶች መዋስ እያለ ከፋፍሎ አስቀምጦታል።

ተራራ የሚታይበት ግቢ ሁሉ ግን ሻኬይ አይባልም። ዋናው ሥራ መሸፈን ነው። በግቢውና በተራራው መካከል ያለው መንገድ፣ ጣሪያና የመብራት ምሰሶ ካልተደበቀ ዓይን ርቀቱን ይለካዋል፤ ተራራውም እዚያው ሩቅ ይቀራል። የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቻይናዊ ሠዓሊ ጓ ሺ ተራራ ከፍ ብሎ እንዲታይ ወገቡን በጭጋግ መሸፈን እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። በአትክልት ስፍራ የጭጋጉን ሥራ የሚሠራው አጥሩ ነው።

ኪዮቶ በሚገኘው የኤንትሱጂ ቤተ መቅደስ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከፊት ሞስ የሚባል አጭርና ለስላሳ አረንጓዴ ተክል የለበሰ መሬትና ዝቅ ብለው የተኙ ድንጋዮች፣ ቀጥሎ የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር፣ የታች ቅርንጫፋቸው የተመለመለ ረጃጅም ዛፎች፣ በግንዶቹ መካከል ደግሞ 848 ሜትር ከፍታ ያለው የሂዬይ ተራራ። ድንጋዮቹ ዝቅ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፊት ትልቅ ቋጥኝ ወይም ደማቅ አበባ ቢገባ ዓይን እዚያው ይቀርና ተራራው ያንሳል።

የአጥሩ ቁመት የሚወሰነው በተመልካቹ ዓይን ነው። ለምሳሌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ ቢሆን፣ 12 ሜትር ርቆ የቆመ የ1.5 ሜትር አጥር በሜዳማ መሬት 400 ሜትር ላይ ያለን 11 ሜትር ቁመት ያለው ቤት ይሸፍንለታል። ያው ሰው ተነሥቶ ዓይኑ 2 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ከ48 ሜትር ጀምሮ ያለው ሁሉ ይገለጥበታል። እንዲህ ያለው ስፍራ ተቀምጠው እንዲያዩት የሚሠራው ለዚህ ነው። አጥሩ ሳይከረከም 30 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ደግሞ የሚሸፍነው ቁመት እዚያው 400 ሜትር ላይ ወደ 21 ሜትር ይጠጋል፤ የተራራው ግርጌም አብሮ መጥፋት ይጀምራል።

ትልቁ አደጋ ያለው ከአጥሩ ማዶ ነው። ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ አጥሩን ከፍ ማድረግ አያዋጣም፤ ተራራውንም ይጋርደዋል። ስለዚህ የኪዮቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የመልክዓ ምድር ደንብ 38 እይታዎችን ለይቶ በተመልካቹና በሚታየው ነገር መካከል የሚሠሩ ሕንጻዎችን ከፍታ ገድቧል፤ ከኤንትሱጂ ወደ ሂዬይ ያለው እይታ አንዱ ነው።