«ማህፀኗ ወጥቷል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ማህፀናቸው ወጥቶ እቤት የሚቀመጡት ስለማያውቁ ነው» ብሎ ጻፈ። እንጦጦ ግርጌ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝና ይህን ማለፍ አቃተኝ።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ ችግር አለበት። «ማህፀኗ ወጣ» ቦታውን ለቆ ለወረደውም፣ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ለወጣውም ይባላል። «ማህፀንሽ ወጥቷል፣ ሐኪም ቤት ሂጂ» ስትባል ብዙዋ የምትሰማው «ሂጂና ያውጡልሽ» ነው። ገና መውለድ የምትፈልግ የ30 ዓመት ሴት ብትሸሽ ምን ይገርማል? ስለዚህ እኔ «የማህፀን መውረድ» እላለሁ።

የጠፍር አልጋን አስቡ። ጠፍሩ ሲላላ የተኛው ሰው ይሰምጣል። ጠፍሩ የዳሌ ወለል ጡንቻና ጅማት ነው፤ የተኙት ደግሞ ፊኛ፣ ማህፀንና የፊንጢጣ አንጀት። ወረደ የሚባለው ሁሉ ማህፀን አይደለም፣ ፊኛም ይወርዳል። የሚያላላው ምጥ፣ ዕድሜ፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ከተራራው የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሸክም ነው። ጠፍር ላላ ተብሎ የተኛው አይጣልም! እዚህ ላይ ምሳሌዬ ትንሽ ያነክሳል፤ ቆዳ አይሠለጥንም፣ ጡንቻ ግን ይሠለጥናል። ሽንት እንደሚቋጥር ሰው እየጨመቁ መልቀቅ፣ በየቀኑ፣ ቢያንስ 3 ወር (እየሸኑ ግን አይደለም)። ሙሉ በሙሉ ውጭ የወጣውን ይህ ብቻውን አይመልሰውም። ፔሳሪ የሚባለው ቀለበት ከሥር ይደግፋል፤ እየወጣ መታጠብ አለበት። ቀዶ ሕክምናም አለ። አንዳንዴ ማህፀን ማውጣትን ይጨምራል፣ አልዋሽም፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የተወጠረ ጠፍርም መልሶ ሊላላ ይችላል።

ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም ግን ከዚህ የመጣ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ቀን ሳይሰጡት መታየት አለበት።

የማህፀን መውረድ ፊስቱላም አይደለም። የሐምሊን ባልና ሚስት በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ስለከፈቱለት ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ከእምብርት በታች ላለው ችግር ሁሉም ይለጥፈዋል። በፊስቱላ ጠፍሩ አልላላም፣ የተበሳው የተኛው ራሱ ነው፤ በተራዘመ ምጥ ፊኛ ወይም አንጀት ተበስቶ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ያለማቋረጥ ይፈሳል።

«አያውቁም» ላለው ሰውዬ ደግሞ፦ አንዲት እናት «ወገቤን ነው» ብለው መጡ። ካርዳቸው ላይም ወገብ ተብሎ ተጽፏል። በሩን ዘግቼ «እትዬ፣ ቁጢጥ ሲሉ የሚወርድ ነገር አለ?» ስላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ማታ እግራቸውን ታጥበው ሲተኙ በእጃቸው ይመልሱታል፣ ጠዋት እንጨቱን ሲያነሱ ይወርዳል። ከመጨረሻው ልጅ ወዲህ ነው፤ ልጁ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቀዶ ሕክምና ከሆነ ስድስት ሳምንት ያህል ሸክም የለም ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ከመሳቢያዬ የማሳያውን ቀለበት አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ አጎበጡት፣ ለቀቁት።

«በዚህ ሸክም ይቻላል?»

«ይቀንሱ እንጂ።»

«ግማሽ ሸክም ማን ይገዛኛል?» ብለው ሳቁ። ሪፈሩን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።